ከአንድ ስቴሪዮ ሪሲቨር አራት ጥንድ ስፒከር ማሠራት ይቻላል?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ ቻናል 60 ዋት የሚሰጥ ስቴሪዮ ሪሲቨር አለኝ፤ ከኋላው «ኤ» እና «ቢ» የተባሉ ሁለት የስፒከር መውጫዎች አሉት። «ኤ» ላይ የተገናኙት የሳሎን ስፒከሮች 8 ኦም ሲሆኑ ለዓመታት ያለ ችግር ሠርተዋል። በቅርቡ ለመኝታ ክፍል የገዛሁትን ባለ 6 ኦም ጥንድ «ቢ» ላይ አገናኘሁ። ሁለቱንም ጥንድ ከፍቼ በዝግታ ሳዳምጥ ምንም አይልም፤ ድምፁን ከፍ ካደረግሁት ግን ዐሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ ከውስጡ «ቀጭ» የሚል ነገር ይሰማና ሁሉም ስፒከሮች በአንድ ጊዜ ዝም ይላሉ። አጥፍቼ ጥቂት ካቆየሁት በኋላ ስከፍተው ይመለሳል። ለወጥ ቤትና ለበረንዳም ባለ 8 ኦም ጥንዶች ልጨምር ስላሰብሁ፣ ሪሲቨሩን ሳልጎዳ ይህን ማድረግ የምችልበት መንገድ ካለ እንድታስረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

መልስ 1፦

የሰሙት «ቀጭ» የመከላከያው ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ድምፅ ነው። ሪሲቨሩ ከአቅሙ በላይ ኤሌክትሪክ እየተሳበበት መሆኑን ሲያውቅ ስፒከሮቹን ከራሱ ይለያል። ምክንያቱም ስፒከሮች በትይዩ፣ ማለትም በፓራለል ሲገናኙ ኦማቸው (ኤሌክትሪክን የመቋቋም መጠናቸው) አይደመርም፤ ይቀንሳል እንጂ። 8ን በ6 አባዝተው ውጤቱን ለድምራቸው ለ14 ሲያካፍሉት 3.4 ኦም ያህል ያገኛሉ። መውጫው ላይ 20 ቮልት ቢኖር፣ ባለ 8 ኦሙ ስፒከር ብቻውን የሚስበው 2.5 አምፔር ሲሆን ሁለቱ አብረው ሲሠሩ ግን ወደ 5.8 አምፔር ይደርሳል። ይህ ሁሉ የሚያልፈው በእነዚያው የመውጫ ትራንዚስተሮች (ድምፁን በሚያጎሉት ክፍሎች) ውስጥ ስለሆነ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጋሉት እነርሱ ናቸው። በዝግታ ሲያዳምጡ ችግሩ የማይታየው ቮልቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ብቻ ነው።

ከመውጫዎቹ አጠገብ የታተመውን ጽሑፍ እባክዎ ያንብቡት። በብዙ ሪሲቨሮች ላይ «ኤ» ወይም «ቢ» ብቻውን ሲሠራ ከ4 እስከ 16 ኦም፣ ሁለቱ አብረው ሲሠሩ ደግሞ እያንዳንዱ ስፒከር ከ8 እስከ 16 ኦም መሆን እንዳለበት ተጽፏል። የእርስዎም እንደዚያ ከሆነ ባለ 6 ኦሙ ጥንድ ከሌላ ጋር አብሮ መከፈት የለበትም። ሁለቱን መውጫዎች በተከታታይ የሚያገናኙ ሪሲቨሮችም አሉ፤ በእነዚያ ላይ ኦሙ ተደምሮ 14 ስለሚሆን ጭነቱ አያሰጋም፣ ነገር ግን የአንዱ ስፒከር ጠባይ የሌላውን ድምፅ ስለሚያዛባ ለጆሮ አይመችም። የእርስዎ እየተቋረጠ ስለሆነ በትይዩ የሚያገናኝ ይመስለኛል። መከላከያው ደጋግሞ እንዲያድንዎ ግን አይጠብቁ፤ በተቋረጠ ቁጥር ትራንዚስተሮቹ የሙቀት ጉዳት እየተጠራቀመባቸው ሊሄድ ይችላል።

መልስ 2፦

ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ እስማማለሁ። አራቱን ጥንዶች እንዲሁ በትይዩ ቢያገናኟቸው ጠቅላላው መቋቋም ወደ 1.8 ኦም ይወርዳል፤ ይህን የቤት ሪሲቨር አይችለውም። የስፒከር መምረጫ ሳጥን ሲገዙም ይጠንቀቁ፤ አንዳንዱ ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ ስለሆነ ጭነቱን አይቀንስም። በውስጡ ሬዚስተር (ኤሌክትሪክን የሚገታ ክፍል) ያለው ሪሲቨሩን ይጠብቃል፣ ግን ኃይሉ ከፊሉ በሬዚስተሩ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል፣ የቤዙም ጥራት ይላላል።

የተሻለው በየክፍሉ ግድግዳ ላይ የሚገጠም፣ በውስጡ ትራንስፎርመር ያለው የድምፅ መቆጣጠሪያ ነው። አራት እጥፍ በሚለው ላይ ቢያደርጉት ባለ 8 ኦሙ ስፒከር ለሪሲቨሩ 32፣ ባለ 6 ኦሙ ደግሞ 24 ሆኖ ይታየዋል፤ አራቱም ጥንዶች አብረው ቢከፈቱ ጠቅላላው መቋቋም 7.4 ኦም ያህል ይሆናል ማለት ነው። ለዚህ የሚከፈለው ዋጋ እያንዳንዱ ስፒከር የሚደርሰው ኃይል በአንድ አራተኛ መወሰኑ ነው። ለወጥ ቤትና ለመኝታ ክፍል ከበቂ በላይ ነው፤ ገላጣ በሆነ በረንዳ ላይ ግን ሊያንስ ይችላል። እኔ ብሆን ለበረንዳው ሁለተኛ አምፕሊፋየር ገዝቼ ከሪሲቨሩ የፕሪአምፕ መውጫ (ድምፁ ለስፒከር ከመጎላቱ በፊት የሚወጣበት)፣ ካለው፣ አገናኘው ነበር። የሁለት አምፕሊፋየሮች መውጫ ግን በፍጹም በአንድ ስፒከር ላይ መገናኘት የለበትም።

መልስ 3፦

ምንም ከመግዛትዎ በፊት ሽቦውን ይመርምሩ። የእኔም ሪሲቨር ልክ እንደዚሁ ይቋረጥ ነበር፤ በመጨረሻ በባትሪ ብርሃን ሳየው፣ ከቀዩ መያዣ ሾልካ የወጣች እንደ ፀጉር የቀጠነች አንዲት የመዳብ ክር ጥቁሩን ነክታ ተገኘች። ሪሲቨሩን አጥፍተው፣ ሽቦዎቹን ከኋላው ነቅለው ጫፋቸውን በመልቲሜትር ይለኩ። ባለ 8 ኦም ስፒከር 6 ወይም 7 ኦም ገደማ ቢያሳይ ጤነኛ ነው፤ ወደ ዜሮ የተጠጋ ቁጥር ግን የሾርት (የሁለቱ ሽቦዎች መነካካት) ምልክት ነው። ሽቦ ለመቆጠብ ሲባል የግራና የቀኝ ስፒከሮችን ጥቁር ሽቦ አንድ ላይ ማሰርም አይገባም፤ አንዳንድ አምፕሊፋየር በዚህ ብቻ ይቃጠላል። በረንዳው 20 ሜትር ከራቀ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ ይጠቀሙ፤ ደርሶ መልስ 0.3 ኦም ገደማ ብቻ ስለሚሆን ድምፁን እምብዛም አይጎዳውም።

ጠያቂው፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የተባለው ጽሑፍ በእርግጥም ከመውጫዎቹ ሥር አለ፤ ሁለቱ አብረው ሲሠሩ ከ8 ኦም በታች አይፈቅድም። ሽቦዎቹን ለካኋቸው፤ የሳሎኑ 6.5፣ የመኝታ ክፍሉ 4.9 ኦም አሳዩ፣ የተነካካ ክርም አላገኘሁም። ትራንስፎርመር ያላቸውን መቆጣጠሪያዎች እስክገጥም ድረስ ሁለቱን ጥንዶች በየተራ እንጂ አብሬ አልከፍታቸውም።