ጥቆማ፦ ኔትወርክ ውስጥ ትልቁን የተሳሰረ ቡድን በየትኛው ላውጣ?

ጅማ ያላችሁ ልጆች ሰሞኑን የጠየቃችሁኝን በአንዴ ልመልስ። ማን ከማን እንደሚገበያይ የያዘ ሰንጠረዥ አለ (እያንዳንዱ ሰው ነጥብ፣ የሁለት ሰዎች ግብይት መስመር ነው)፤ ከውስጡ ትልቁን የተሳሰረ ቡድን ማውጣት ነው። እኔ የሞከርኩት በቡና አቅራቢዎች መረጃ ነው፣ 4 ጊጋ ራም ባላት አሮጌ ላፕቶፕ።

መጀመሪያ የምትፈልጉት እቁብ ነው ወይስ ሰፈር? እቁብ ስል ሁሉም ሁሉንም የሚያውቅበት ቡድን ነው፤ ክሊክ ይሉታል። ሰፈር ደግሞ ውስጡ ጥቅጥቅ ያለ፣ ወደ ውጭ ሳሳ ያለ።

ለሰፈር ላይደን የሚባለውን ዘዴ ውሰዱ። ከእሱ በፊት የወጣው የ2008ቱ ሉቫን (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ፈጣን ነው፤ ጌፊ በተባለው የኔትወርክ መሳያ ፕሮግራም ላይ ሞዱላሪቲ (የሰፈር ክፍፍል ጥራት መለኪያ) ስትሉት የሚሠራው እሱ ነው። ግን አንዳንዴ በመካከላቸው መስመር የሌላቸውን ሁለት ቡድኖች አንድ ሰፈር ብሎ ያስረክባችኋል። በ2019 የወጣው ላይደን ይህን አስተካክሏል። ላይደንን አይግራፍ በተባለው የኮድ ስብስብ ስትጠቀሙ መለኪያውን ሞዱላሪቲ በሉት። እኔ መለኪያውን እንዳለ ትቼው እያንዳንዱን ነጋዴ ለብቻው ሰፈር አደረገብኝ፤ ግማሽ ቀን ስህተቱን ዳታዬ ውስጥ ስፈልግ ዋልኩ።

ጊርቫን-ኒውማን የሚባለው የሰፈር መፈለጊያ ዘዴስ? ሐሳቡ ደስ ይላል፤ ብዙ መንገድ የሚያልፍባቸውን ድልድይ መስመሮች እየቆረጠ ይሄዳል። ግን ቀርፋፋ ነው። አስጀምሬው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተጠጣ፣ አላለቀም። ከዚያ መብራት ሄደ። የላፕቶፔን ባትሪ ነገር ደግሞ ተዉት።

እቁብ ለምትፈልጉ ብሮን-ከርቦሽ የሚባል ዘዴ አለ፣ የ1973 ነው። ኔትወርክኤክስ በተባለው የፓይተን ኮድ ስብስብ ውስጥ ተዘጋጅቶ ይገኛል። ችግሩ ትልቁን ክሊክ መፈለግ በባሕርይው ከባድ መሆኑ ነው፤ የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ካርፕ በ1972 ከዘረዘራቸው 21 ከባድ ችግሮች አንዱ ነው። ስለዚህ አስቀድማችሁ ልቀሙ። 10 ሰው ያለበት እቁብ ከፈለጋችሁ እያንዳንዱ አባል ቢያንስ 9 ሰው ማወቅ አለበት። ከዚያ በታች ያለውን ጣሉ። እሱ ሲወጣ ሌላውም ይጎድልበታል፤ እሱንም ጣሉ፣ የሚወድቅ እስኪጠፋ። እኔ ጋ ከግማሽ በላዩ ወደቀ፤ የቀረውን ብሮን-ከርቦሽ ወዲያው ጨረሰው።

አንድ ሽያጭ ሳይመዘገብ ከቀረ ግን እቁቡ ፈረሰ። የእኛ አገር መዝገብ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ለእንዲህ ያለው የቻሪካር ዘዴ ይሻላል፦ ትንሽ ግንኙነት ያለውን ነጥብ አንድ በአንድ እያወጣችሁ፣ በየደረጃው የቀሩትን መስመሮች ብዛት ለቀሩት ነጥቦች ብዛት አካፍሉ፤ ቁጥሩ ከሁሉ የበለጠበትን ቡድን ያዙ። የምታገኙት ቁጥር ሊገኝ ከሚችለው ምርጡ ግማሽ በታች እንደማይሆን በ2000 ተረጋግጧል። እኔ ለአቅራቢዎቹ በመጨረሻ የተጠቀምኩት እሱን ነው፤ ኮዱ 20 መስመር አይሞላም።