ጥቆማ፦ ደሴ ላይ ለቤት ግብዣ ሰሃን የሚያከራይ፣ የሸክላ ድስት የሚሸጥ የትኛው ይሻላል?

የሆጤዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ለሐምሌ አጋማሽ ቅዳሜ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼን እራት ጠርቻለሁ። ወደ አሥራ አምስት ሰው እንሆናለን፣ ሙስሊምም ክርስቲያንም አለ። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ስለሚፈታ በዚያ በኩል ችግር የለም። ቤቴ ጠባብ ናት፤ ቢሆንም ሲገቡ ዓይናቸው ደስ እንዲለው እፈልጋለሁ። ነጭ ሰሃንና ብርጭቆ ፒያሳ አካባቢ ልከራይ ወይስ ገዝቼ ላስቀምጥ? የተጋቢኖ ትንንሽ የሸክላ ድስትስ ጥሩው የት ነው? በዚህ ብርድ ወጡ ገበታ ላይ እንዳይቀዘቅዝብኝ ነው።

ቧንቧ ውሃ
ኪራይ የሚባል ነገር እንዳትነኪ! ለልጄ ልደት ከአንድ ቤት ሰሃንና ብርጭቆ ወሰድኩ፤ ስሙን እዚህ አልጠራም። ስመልስ ጠርዙ የተሸረፈ ብርጭቆ አወጡና «አንቺ ነሽ የሰበርሽው» አሉኝ። ሲሰጡኝም እንደዚያው ነበር። መታወቂያዬን ይዘው የሙሉ ደርዘን ዋጋ አስከፈሉኝ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሸዋ በር
እኔም ማንኪያ ጎደለ ተብዬ ከፍያለሁ። ይኼ ነገር የት ነው የሚከሰሰው?

አራዳ
ንግድ መምሪያ አመልክቱ። ደረሰኝ አላችሁ?

ቧንቧ ውሃ
ደረሰኝማ ማን ሰጥቶኝ!

ሳላይሽ
ጎበዝ! ልጅቷ እራት ላብላ ብላ መጣች፣ እናንተ ችሎት አስቀመጣችኋት። ቅዳሜ ለእንግዶቿ መጥሪያ ታቅርብላቸው?

የእድሩ ጸሐፊ
እህቴ፣ መጀመሪያ የሰፈርሽን እድር ጠይቂ። ብዙ እድሮች ሰሃን፣ ብርጭቆ፣ ወንበርና ትልልቅ ድስት አላቸው፤ ለአባል በትንሽ ክፍያ ይሰጣሉ። ነጭና አንድ ዓይነት ላይሆን ይችላል። ከሌላ ቦታ ከተከራየሽም በቆጠራ ተረከቢ። እያንዳንዱን ብርጭቆ ወደ ብርሃን ይዘሽ ጠርዙን በጣትሽ ዞር አድርጊበት፣ የተሸረፈውን እዚያው መልሺ። ሁሉንም ደርድረሽ በስልክሽ ፎቶ አንሺ፤ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፈሽ አስፈርሚ። ያኔ የሚከራከርሽ የለም።

የሰኞ ገበያ ደንበኛ
ድስት ከሆነ ሰኞ ገበያ ጥግ ላይ ከምትቀመጠው ሴትዮ ውጪ እንዳትገዢ። እናቴም ከእሷ፣ እኔም ከእሷ። ሌላ ጋ ሞክሬ አላውቅም፣ መሞከርም አያስፈልገኝም።

ሙጋድ
የእኔም ከሰኞ ገበያ ነው። መጀመሪያ የጣድኩት ቀን ለሁለት ተሰነጠቀ።

የሰኞ ገበያ ደንበኛ
ሳታሟሺ ጥደሽው ነዋ! እሷ ምን አጠፋች?

አይጠየፍ ሰፈር
ልጆቼ፣ ድስትን በሻጭ ስም አትግዙ። አንጠልጥላችሁ በጣታችሁ ኳ አድርጉት። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፣ የታፈነ ድምፅ ካለው ስንጥቅ አለበት። ውሃ ሞልታችሁ አሳድሩት፤ ካላንጠባጠበ አድርቃችሁ ዘይት ቀቡትና በለስላሳ እሳት አሟሹት።

የሆጤዋ ልጄ፣ አንቺ ደግሞ ከሰሃኑ በፊት ምግቡን አስቢ። በእኛ አገር ሙስሊምና ክርስቲያን አንድ ላይ ሲጠራ የሥጋው ነገር ይለያል፤ አራጁም፣ ድስቱም፣ ጭልፋውም ለየብቻ ነው። ሰፊ ግቢና ብዙ እጅ ያለው ሰው ያምርበታል። አንቺ በጠባብ ቤት እንግዶችሽን ለሁለት ገበታ ከምትከፍያቸው ሥጋውን ተዪው። ምስር ወጥ፣ ጎመን፣ ከሰናፍጩ ጠንከር ያለ አዚፋ፣ በኮባ የተጋገረ ድፎ ዳቦ፣ በመጨረሻ ተጋቢኖው። ጾም ስላልሆነ ሽሮው ላይ የተነጠረ ቅቤ ጣል አድርጊበት። ሁሉም ከአንድ መሶብ ይጎርሳል፣ እጁን የሚሰበስብ ሰው አይኖርም። ለመጠጥም ጠላውን ትተሽ ብርዝ በጥብጪ፤ ያልፈላ ብርዝ ለሁሉም ይሆናል።

ተጋቢኖውን እንግዶቹ እጃቸውን ከታጠቡ በኋላ አውርጂው። ሸክላ ሙቀት ይይዛል፤ ገበታ ላይ ተቀምጦም ዳር ዳሩ ቡልቅ ቡልቅ ይላል፣ ቅቤው ቀይ ሆኖ ከላይ ይንሳፈፋል። ከሥሩ የስንደዶ ስፌት ብታደርጊ ጠረጴዛው አይቃጠልም፣ ያምራልም። ከዚያ በላይ ማስዋቢያ ምን ያደርግልሻል? ቄጤማ ጎዝጉዢ፣ ነጩን አምፖል አውጥተሽ ቢጫ አድርጊ፣ አሪቲና ጠጅ ሳር በብርጭቆ አቁሚ። ቡናው ላይ ጤና አዳም አትርሺ።

ዳውዶ
ማሻአላህ እትዬ! ወላሂ እውነት ነው። እኔ ሰው ቤት ስጠራ «ለእናንተ ለብቻ ተሠርቷል» ተብዬ ጓዳ አጠገብ ስቀመጥ ምግቡ ቢጣፍጥም ጨዋታው ያመልጠኛል።

ኮምቦልቻ
እንጀራውን ከእኛ ጋ አስመጪ። እዚህ ሙቀት ስላለ ሊጡ ቶሎ ይቦካል፣ ዓይኑም ያምራል። የደሴ እንጀራ በክረምት ዓይን የለውም።

ሸዋ በር
ለአሥራ አምስት ሰው እንጀራ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ 25 ኪሎ ሜትር ይምጣ? ሊጡን ምድጃ አጠገብ አድርጎ ማሳደር ነው እንጂ! እናቴ በክረምት የምትጋግረውን እንጀራ ብታየው አፍህን ትዘጋ ነበር።

ኮምቦልቻ
የእናትህን አልነካሁም፣ ወንድሜ። የገበያውን ነው ያልኩት። ጠዋት ተጋግሮ በሚኒባስ ቢላክ ለምሳ ይደርሳል።

የሆጤዋ
እግዜር ይስጥልኝ እትዬ፣ ዕድሜ ይስጥዎት። ጸሐፊው ወንድሜም አመሰግናለሁ። ስኒና ረከቦትስ? የእኔ ስኒዎች ስድስት ብቻ ናቸው፣ እነሱም አንድ ዓይነት አይደሉም።

የሰኞ ገበያ ደንበኛ
ሴትዮዋ ስኒ አትሸጥም። ከእሷ ቀጥሎ ያለችው ትሸጣለች፣ እኔ እንደላኩሽ ብትነግሪያት ትቀንስልሻለች።

ሙጋድ
ድስቴ ተሟሽቶ ነበር፣ ለመረጃ ያህል።

አራዳ
ቧንቧ ውሃ፣ የአከራዩን ስም በውስጥ መስመር ላኪልኝ። እኔም ለነሐሴ ሰሃን ልወስድ ነበር።