ካራቫኔ ዝናብ ታስገባለች፣ ከየት እንደሆነ ግን ጠፋብኝ

ጠያቂው፦
ሰላም ለሁላችሁ። በመኪና የምትጎተት ትንሽ ካራቫን አለችኝ፣ ያገለገለች ናት የገዛኋት። ውጪዋ አሉሚኒየም ነው፣ ውስጧ ደግሞ የእንጨት አጥንትና ስስ ኮምፔንሳቶ። ዝናብ ሲመጣ በስተኋላ ከአልጋው ጀርባ ያለው ጥግ ይረጥባል፣ ፍራሹም መሽተት ጀምሯል። ከጥጉ በላይ ያለውን የጣሪያ መገጣጠሚያና የመስኮቱን ዙሪያ በሲሊኮን ሁለቴ ለቀለቅኩት። ለውጥ የለም፣ እንዲያውም ባሰበት! የሚገርመው ደግሞ አንዳንዴ ዶፍ ዘንቦ ደረቅ ሆኖ ያድራል፣ ሌላ ጊዜ በካፊያ ብቻ ይረጥባል። ግድግዳውን ልገንጥለው ወይስ ሌላ ዘዴ አለ?

መሰላሉ፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሲሊኮኑን አስቀምጥ። ውሃው የሚታይህ ቦታና የገባበት ቦታ አንድ ነው ያለህ ማነው? ከጣሪያው ሥር ገብቶ እንጨቱን ይዞ ይሄዳል፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ካገኘም ገመዱን ተከትሎ ይጓዛል፣ ዝቅ ያለ ጥግ ሲያገኝ ነው የሚወጣው። የእኔ ከፊት ገብቶ ሁለት ሜትር ያህል ሄዶ ቁምሳጥን ውስጥ ነበር የሚንጠባጠበው።

የጣሪያው ላሜራ ራሱ ብዙም አይበሳም። የሚያስገባው ሰው የበሳው ቦታ ነው፦ የጣሪያው አየር ማስወጫ፣ ጫፍ ላይ ያሉት ትንንሽ መብራቶች፣ አንቴና፣ መስኮት፣ የማዕዘኑን ላሜራ የያዙት ብሎኖች። ብሎኖቹን የሚሸፍነውን የፕላስቲክ ጥብጣብ ሳብ አድርገህ እይ። የዛገ ብሎን ካገኘህ ውሃ እዚያ ደርሷል ማለት ነው።

ከዚያ በውሃ ጎማ ፈትሽ። አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ውስጥ ይግባ፣ ቁምሳጥኑን ሁሉ ባዶ አድርጉት። አንተ ውጪ ሆነህ ቀስ ብለህ አፍስስ፣ ከታች ጀምረህ ወደ ላይ። ከላይ ከጀመርክ ውሃው ወርዶ ሁሉንም ያዳርሰዋል፣ የቱ እንዳስገባ አታውቅም። አንድ ቦታ ላይ አምስትም አስር ደቂቃም ቆይ። የመኪና ማጠቢያ ፕሬሸር እንዳትጠቀም፣ ዝናብ በማይገባበት ሁሉ ነው የሚያስገባው።

ሳሙና፦
ጎማው ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ቀን ሙሉ ሊወስድብህ ይችላል። እኔ ያገኘሁት በአረፋ ነው። ጋዙንና ምድጃውን አጥፋ፣ በርና መስኮቱን ዝጋ፣ ሌሎች ቀዳዳዎችን በፕላስተር ሸፍን። የጣሪያው መክፈቻ ላይ በካርቶን አስተካክለህ ቬንቲሌተር አስቀምጥ፣ አየር ወደ ውስጥ እንዲነፋ። ውጪውን በሳሙና ውሃ በስፖንጅ ቀባ። አረፋ የሚያወጣው ቦታ ሌባህ ነው። ብዙ ጉልበት ያለው ማሽን አያስፈልግም፣ የቤት ቬንቲሌተር ይበቃል።

ግን ሁለት ነገር ልጠይቅህ። አንደኛ፣ በካፊያ ረጠበ ያልክበት ሌሊት መስኮት ዘግታችሁ ነው የተኛችሁት? የሰው ትንፋሽም ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ውሃ ይሆናል። ጥጉን አድርቀህ ላስቲክ ለጥፍበትና እደር፣ ላብ የሚያወጣው በክፍሉ በኩል ከሆነ ትንፋሽ ነው፣ ከጀርባው ከሆነ ግድግዳው ውስጥ እርጥበት አለ። ሁለተኛ፣ በረጠበባቸው ቀናት ካራቫኗ ወዴት አዘንብላ ነበር የቆመችው?

ብሎን ፈቺ፦
የማዘንበሉ ነገር ትክክል ነው። እኔ ስለ ሲሊኮኑ ልናገር። መስኮቱን ዙሪያውን ለቀለቅኩ ብለሃል፣ የታችኛውንም ጠርዝ? እዚያ ትንንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች አሉ እኮ! እነሱን ከደፈንክ የገባው ውሃ መውጫ አጥቶ ወደ ውስጥ ይዞራል። የባሰበት ለዚህ ሊሆን ይችላል።

ሲሊኮን ከተቀባበት ላይ ምንም ነገር በደንብ አይለጠፍም፣ አዲስ ሲሊኮንም ቢሆን። በፕላስቲክ መፋቂያ ፋቀው፣ ከዚያ በአልኮል ጥረገው። ጣሪያህ የጎማ ሽፋን ካለው ቤንዚን አታስነካው፣ ጎማውን ያሳብጠዋል።

ቀዳዳውን ስታገኝ ከላይ አትለቅልቅ። ዕቃውን ፍታው፣ ሥሩን አጽዳ፣ ቡታይል ቴፕ (የሚያጣብቅ ለስላሳ የማሸጊያ ጥብጣብ) አድርግና መልሰህ እሰር። ቡታይል አይደርቅም፣ ቀስ እያለ ይጨመቃል፣ ስለዚህ በማግስቱ ብሎኑን ትንሽ ጨምርበትና የወጣውን ቁረጥ። ሲፈስ በራሱ ተዘርግቶ የሚስተካከለው ፈሳሽ ማሸጊያ ለጣሪያ ብቻ ነው፣ ግድግዳ ላይ ብትቀባው ይወርዳል። ብሎኑ እየዞረ የማይነክስ ከሆነ ደግሞ እንጨቱ በስብሷል፣ ወፍራም ብሎን ማስገባት ራስን ማታለል ነው።

መሰላሉ፦
ሰፊውን የጣሪያ ቴፕ ከላይ ቢለጥፍስ? የእኔ ዓመታት ይዟል።

ብሎን ፈቺ፦
ለመገጣጠሚያ እሺ። መብራት ላይ ግን እንዴት አድርጎ ይለጥፈዋል?

ጠያቂው፦
ተገኘ! ሳሙናን ሰምቼ ነው። አረፋው የወጣው ከጥጉ ሳይሆን ከፊት ለፊት በላይኛው ጫፍ ካለችው ትንሽ መብራት ነው። ስፈታት ጎማዋ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ የሽቦው ጫፍም አረንጓዴ ሆኗል። ለካ አፍንጫዋን ወደ ላይ አድርጌ ያቆምኳት ቀን ውሃው ገመዱን ይዞ ወደ አልጋው ይሄዳል፣ ወደ ታች ስትሆን ደግሞ በፊት በኩል ይወጣል። ዶፉ ያልገባው ለዚያ ነበር።

የመስኮቱንም ቀዳዳዎች ከፈትኩ። አዎ፣ ደፍኛቸው ነበር፣ አትሳቁ። ሲሊኮኑን ፍቄ እስክጨርስ ጥፍር አልቀረልኝም።

ጥጉን ትንሽ ከፈትኩት፣ አንድ ክንድ የሚያህል እንጨት በካቻቢቴ ሲወጋ እንደ ዳቦ ነው። ቆርጬ እተካዋለሁ። ግን መቼ ነው መዝጋት የምችለው?

ብሎን ፈቺ፦
ባለ ሁለት መርፌ የእርጥበት መለኪያ ፈልግ። እንጨቱ ከ20 በመቶ በላይ ካሳየ አትዝጋ፣ ወደ 15 ቢወርድ ይሻላል። ቬንቲሌተሩን እዚያው ተወው፣ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል።

ጠያቂው፦
ዛሬ 27 አሳየኝ። የዚያኛውን ጎን መብራት ገና አልፈታሁትም፣ ፈርቼው ነው።