ሪአክተር «ጠፋ» ወይስ «ቆመ»? የፉኩሺማ ቃላት

ፊደል፦ በጃፓን ፉኩሺማ በተባለው የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ጣቢያ ስለደረሰው አደጋ አንድ ጽሑፍ እያረምኩ ነው። «መሬት ሲንቀጠቀጥ ሪአክተሮቹ ወዲያው ጠፉ» ይላል። ወረድ ብሎ ደግሞ «ነዳጃቸው ቀለጠ»። የጠፋ ነገር እንዴት ይቀልጣል? አንባቢ ግራ እንዳይጋባ ምን ልበል?

ብራና፦ «ቆሙ» በይው፣ እህቴ። እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2011 መጠኑ 9.0 የሆነው ርዕደ መሬት ሲደርስ፣ እየሠሩ የነበሩት ሦስቱ ሪአክተሮች (አቶም እየሰነጠቁ ሙቀት የሚያመነጩት ክፍሎች) በሴኮንዶች ውስጥ በራሳቸው ቆመዋል። ማለትም የአቶም መሰንጠቁ ቆመ። ሙቀቱ ግን አልቆመም። ከተሰነጠቁት አቶሞች የተፈጠሩት ቁሶች ጨረር እየለቀቁ ማሞቃቸውን ይቀጥላሉ። ልክ ሲቆም የሙሉ ኃይሉን 6 በመቶ ገደማ ነው። ከአንድ ቀን በኋላ ከ1 በመቶ በታች ይወርዳል። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን 2,300 ሜጋ ዋት ሙቀት የሚያመነጭ ሪአክተር 1 በመቶው 23 ሜጋ ዋት ነው። ያለማቋረጥ ውሃ ካላገኘ ይቀልጣል።

ቀለም፦ ለዚህ ሙቀት «ረመጥ» የሚል ቆንጆ ቃል አለን እኮ!

ብራና፦ ለማስረዳት ጥሩ ነው፣ ለስያሜ ግን አይሆንም። ረመጥ ውሃ ሲደፋበት ይጠፋል። ይሄኛው ውሃ ሙቀቱን ይወስድለታል እንጂ አያጠፋውም። «ቀሪ ሙቀት» የሚሉም አሉ። እሱም የድሮ ሙቀት የተረፈ ያስመስለዋል፤ ሙቀቱ ግን በየደቂቃው አዲስ የሚፈጠር ነው። እኔ ብሆን ረዘም ቢልም «ከቆመ በኋላ የሚመነጭ ሙቀት» እላለሁ።

ፊደል፦ ተስማምቻለሁ። ጸሐፊው ቀጥሎ «ከድጡ ወደ ማጡ» ብሏል። ይሄስ?

ቀለም፦ እኔ አልወደድኩትም። ከድጡ ወደ ማጡ የሚገባ ሰው ድጡን ትቶት ነው የሚሄደው። እዚያ ግን የመጀመሪያው ችግር የትም አልሄደም። ርዕደ መሬቱ ከውጭ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ቆረጠ፤ የናፍጣ ጄኔሬተሮቹ ተነሡ። ከ50 ደቂቃ ገደማ በኋላ 14 ሜትር ገደማ የደረሰው ሱናሚ መጣና፣ ምድር ቤት የነበሩትን ጄኔሬተሮች አጥለቀለቃቸው። ማቀዝቀዣውን የሚያንቀሳቅስ ኃይል ታጣ። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ይሻላል፤ አንዱ ሳይለቅ ሌላው የተጨመረበት ነውና።

ብራና፦ በጣም ትክክል። እኔን ያሳሰበኝ ግን «ያልታሰበ የተፈጥሮ አደጋ» የሚለው ነው። ሱናሚው የተፈጥሮ ነው፣ ልክ። «ያልታሰበ» የሚለውን ግን አውጪው። ጣቢያው የተዘጋጀው 6 ሜትር ገደማ ለሚደርስ ሱናሚ ነበር፤ የጣቢያው ባለቤት የሆነው ኩባንያ የራሱ ስሌት ግን እ.ኤ.አ. በ2008 ከ15 ሜትር በላይ ሊደርስ እንደሚችል አሳይቷል። የጃፓን ፓርላማ ያቋቋመው መርማሪ ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በ2012 አደጋውን «ሰው ሠራሽ» ብሎታል። ለርዕደ መሬቱ ማዕከል ይበልጥ ይቀርብ የነበረው የኦናጋዋ ጣቢያ ደግሞ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለተሠራ ተርፏል። ቤታቸው የፈረሰባቸው ነዋሪዎች እንኳ ግቢው ውስጥ ተጠልለዋል። «ታስቦ ያልተጠነቀቁለት» ቢባል ነው እውነቱ።

ፊደል፦ የመጨረሻ ጥያቄ። «ጣቢያውን መልሶ ማቋቋም» ይባላል?

ቀለም፦ መልሶ ማቋቋም ለተፈናቀሉት ሰዎች ነው፤ ከ150 ሺህ በላይ ነበሩ። ለመንገድና ለቤት «መልሶ ግንባታ» በይ። ጣቢያው ግን ተመልሶ አይሠራም። «ማጽዳትና ማፍረስ» በይው። ቀልጦ የረጋው ነዳጅና ፍርስራሽ 880 ቶን ይገመታል፤ በኖቬምበር 2024 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው ናሙና አንድ ግራም እንኳ አይሞላም።

ፊደል፦ አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ፤ «ያልታሰበ» የሚለውም ይወጣል።