ጥቅልሉ ለጦሩ ነው ለመብራቱ?

ዳዊት፦ ሄኖክ ትናንት "በሱፐርኮንዳክተር ጥቅልል ኤሌክትሪክ ማከማቸት ለጦሩም ለመብራቱም፣ ለሁለቱም ይሆናል፤ የአሜሪካ ጦር ገንዘብ ባይኖር ማንም አይነካውም ነበር" ብሎ ጻፈ። (ሱፐርኮንዳክተር ማለት በጣም ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ ያለ ብክነት የሚያሳልፍ ሽቦ ነው።) አናደደኝ። እ.ኤ.አ. በ1983 ታኮማ፣ ዋሽንግተን ግዛት፣ 30 ሜጋጁል የሚይዝ ጥቅልል ግሪድ (የኤሌክትሪክ መረብ) ላይ ተገጥሞ ነበር። ያስገጠመው የቦንቪል ኃይል አስተዳደር፣ የአሜሪካ መንግሥት የመብራት ድርጅት ነው። ወደ ካሊፎርኒያ በሚወርደው መስመር ላይ ኃይሉ ሲወዛወዝ እንዲያረግብለት። ጦሩ እዚህ ምን አገባው?

ሄኖክ፦ የነደፈው ሎስ አላሞስ ነው እኮ! አቶሚክ ቦምብ የተሠራበት ቤት። ደግሞስ 30 ሜጋጁል ምን አላት? 8 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ። የእንጀራ ምጣድ ሁለት ሰዓት ብታስኬድ ነው። 20 ሜጋዋት ሰዓት የሚይዝ እንሥራ ብሎ የተነሳው የፕሬዝዳንት ሬገን የጠፈር መከላከያ ፕሮግራም ነው።

ዳዊት፦ ለማርገብ የሚያስፈልገው ፍጥነት ነው፣ ብዛት አይደለም። 10 ሜጋዋት በቅጽበት ያስገባል፣ ያስወጣል። ምጣዱን ተወው።

ሰላም (ሲያትል)፦ እኔ "ለሁለቱም ይሆናል" የምትለዋን አልለቃትም። ጦሩ የፈለገው ሚሳኤል ለመምታት ከመሬት ለሚተኮስ ሌዘር ነው። 20 ሜጋዋት ሰዓት በ100 ሴኮንድ ይውጣ ካልክ 720 ሜጋዋት ነው። መብራት ኃይሉ ግን ሌሊት ሞልቶ ቀን ላይ ቀስ እያለ ማውጣት ይፈልጋል። ሚሳኤሉ ማታ ቢመጣና ጥቅልሉ ባዶ ቢሆንስ?

ሄኖክ፦ ሰላምዬ፣ የተወሰነው ለጦሩ ይቀመጣላ።

ሰላም፦ ከተቀመጠ ለሕዝቡ የሚደርሰው ትርፍራፊ ነው። "ለሁለቱም" አትበለኝ።

ጋሽ መኮንን፦ ልጆች፣ ዋናውን ረሳችሁት። ቀዝቃዛው ጦርነት ሲያልቅ ትልቁ ጥቅልል ሳይሠራ ቀረ። በጀቱ የጦር ስለነበር ጦሩ ፊቱን ሲያዞር የመብራቱም ተስፋ አብሮ ሄደ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ሄኖክ፦ ጋሼ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ ውስጥ ሰሜን ዊስኮንሲን ግሪድ ላይ ትናንሾቹ ተተክለዋል እኮ። መች ሞተ?

ዳዊት፦ ያስተከላቸው የመብራት ድርጅት ነው! የእኔን ነጥብ ነው የደገምክልኝ።

ሄኖክ፦ ከዚያ በፊት ለነበረው ምርምር ማን ከፈለ? እሱን መልስልኝ።

ሰላም፦ ግብር ከፋዩ። ጦሩ ከኪሱ አላወጣም።

ሄኖክ፦ ይሄ ሌላ ክርክር ነው።

ሰላም፦ ይሄው ነው ክርክሩ።