ክርክር፦ የባሕር ዳር ልጅ እዚሁ ይማር ወይስ ራቅ ብሎ ይመደብ?

የክርክሩ አስተባባሪ፦
የዩኒቨርሲቲ ምርጫ መሙያ ሰሞን በደረሰ ቁጥር የሚነሣ ጥያቄ ነው፤ ዘንድሮም በርካታ ወላጆች አንሥተውታል። የማለፊያ ውጤት ያመጣ የባሕር ዳር ልጅ በምርጫው አናት ላይ የገዛ ከተማውን ያስቀምጥ ወይስ ራቅ ያለ ዩኒቨርሲቲ? ትምህርት ሚኒስቴርስ ተማሪዎችን በየአካባቢያቸው ቢመድብ ይሻላል ወይስ እንደ እስከ ዛሬው ከዳር እስከ ዳር ቢያቀላቅል? ሐሳብ ይተቻል፤ ሰው አይዘለፍም። ብሔርን የሚያንቋሽሽ ጽሑፍ ሳይውል ሳያድር ይነሣል።

የሽምብጧ እናት፦
እኔ ልቤን አልደብቅም። በ2017ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና በአገር ደረጃ ያለፈው 8.4 በመቶው ብቻ ነው፤ ልጄ ከእነዚያ አንዷ ናት። እዚህ ለመድረስ ያየችውን አውቃለሁ። ተኩስ እየሰማች ያጠናችበት ሌሊት አለ። አሁን ደግሞ አውቶቡስ ላይ አሳፍሬ «እግዜር ያውቅልሻል» ልበላት? በ2012 ዓ.ም. ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወጥተው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የታገቱትን ልጆች የአገር እናት ሁሉ ታስታውሳለች። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ፣ ፔዳ፣ ከቤቴ በባጃጅ የሚደረስ ነው። እዚሁ ትማር። ሚኒስቴሩም እናቶችን ቢጠይቅ ኖሮ ምደባው በየቀዬው ይሆን ነበር።

ሦስተኛ ዓመት ከጅማ፦
እትዬ፣ ስጋትዎን አልንቅም፤ እናቴም ይህንኑ ብላኝ ነበር። የቀበሌ 14 ልጅ ነኝ፤ ጅማን አንደኛ ብዬ የሞላሁትም ራሴ ነኝ። ባሕር ዳር ብቀር ኖሮ የማውቀው ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃቸውን ልጆች ብቻ ነበር። አሁን አፋን ኦሮሞ ገበያ ወጥቼ የምከራከርበት ያህል ችያለሁ፤ ያስተማሩኝ የዶርም ጓደኞቼ ናቸው።

የመጀመሪያው ወር ማር ነበር አልልም። ከቤት የተሰጠኝን በሶና ዳቦ ቆሎ ሎከር ውስጥ ቆልፌ ብቻዬን ስቆረጥም አንዱ የሐረር ልጅ አየኝ። ምንም አላለኝም፤ የራሱን ከረጢት ፈትቶ አልጋዬ ላይ ዘረገፈው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሎከሬን ቆልፌ አላውቅም። (ይህን ለማንም አልመክርም፤ ስልክና ገንዘብ ይቆለፍ።)

ስለ አደጋው ግን አንድ ነገር ልበል። በ2016 ሰኔ መጨረሻ ገርበ ጉራቻ አካባቢ የታገቱት ተማሪዎች የወጡት ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ነው። ደባርቅ ከእኛው ከሰሜን ጎንደር ነው። ችግሩ ያለው መንገዱ ላይ ነው እንጂ ግቢው ውስጥ አይደለም።

የሽምብጧ እናት፦
ልጄ፣ የእኔን ነገር አጠነከርክልኝ እኮ። እነዚያ ልጆች ደባርቅ ምን ወሰዳቸው? ከሩቅ ተመድበው አይደለም? ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ነው የተያዙት። ቤታቸው አጠገብ ተመድበው ቢሆን ኖሮ ያ መንገድና እነሱ የት ይተዋወቁ ነበር?

ሦስተኛ ዓመት ከጅማ፦
ለዚህ መልስ የለኝም። እኔም በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምመለሰው፤ በዓል ስልክ ላይ ነው የማሳልፈው።

ጡረተኛው መምህር፦
የእናትን ስጋት በክርክር መርታት አይቻልም፤ አልሞክርምም። ነገር ግን የዚህን ከተማ ታሪክ የረሳን ይመስለኛል። ፖሊ ቴክኒኩ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ሲከፈት፣ የመምህራን አካዳሚው በ1965 ሲከተል፣ ከዚያም ሁለቱ በ1992 ተዋሕደው ዩኒቨርሲቲ ሲሆኑ፣ ወደዚህ የመጣው የጎጃም ልጅ ብቻ አልነበረም። ከሐረርም ከወለጋም ከሲዳሞም መጥቷል። ከፊሉ እዚሁ አግብቶ ቀርቷል፤ ልጆቹን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።

«ሁሉም በየቀዬው» የሚለውን እስከ መጨረሻው ተከትላችሁ እዩት። በአማራ ክልል ብቻ አሥር የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። እያንዳንዱ የአካባቢውን ልጅ ብቻ ከያዘ እንጅባራ የአዊ፣ ደብረ ታቦር የደቡብ ጎንደር፣ መቅደላ አምባ የደቡብ ወሎ ትልቅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሆነ ማለት ነው። በዚያ ላይ የሕክምና ትምህርት የፈለገ ልጅ፣ ቀዬው ያለው ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ባያስተምርስ? ምን ሊደረግ ነው?

የሽምብጧ እናት፦
የኔታ፣ በእርስዎ ዘመን ልጅ ከሲዳሞ ተነሥቶ ባሕር ዳር ሲገባ እናቱ «ደረሰ ወይ?» ብላ የምትጨነቀው ስለ ጎማ መፈንዳት ነበር። መንገዱን ያንን ያድርጉልኝና ልጄን ሞያሌም እልካታለሁ።

ከቤት እየተመላለስኩ የተመረቅሁ፦
ስለ መንገዱ ሁላችሁም ተናገራችሁ፤ ስለ ቤቱ ግን ማንም ትንፍሽ አላለም።

እኔ የተመደብኩት እዚሁ ነው፤ ዶርምም ደርሶኝ ነበር። «ቤትሽ እያለ የሰው ግቢ ምን ያደርግልሻል?» ተባልኩና ከቤት እየተመላለስኩ ተማርኩ። ወንድሜም እንዲሁ። ልዩነታችን ምን እንደነበር ልንገራችሁ፤ ወንድሜ ከክፍል ሲመለስ ተማሪ ነው፤ እኔ ስመለስ የቤት ልጅ ነኝ። እናቴ ክፉ ሆና አይደለም፤ ሴት ልጅ በዓይን ፊት ካለች ሥራው ራሱ ስሟን ይጠራል። እንጀራ አልቋል። እንግዳ መጥቷል። የማርያም ማኅበር ተራ ደርሶ ጠላው አልተጠመቀም። ጎረቤት ሰው ሞቶበት ድንኳን ተተክሏል፤ ሽንኩርት የሚከትፍ እጅ ይፈለጋል። ሰኞ የሒሳብ ፈተና አለኝ፤ እሑድ ማታ ጀበና ፊት ተቀምጫለሁ። አቦሉን ቀድቼ ደብተሬን እገልጣለሁ፤ ቶናው ሲፈላ እዘጋዋለሁ። ወንድሜ በዚያ ሰዓት ጓዳ ገብቶ በሩን ዘግቶ ያነብባል፤ «አትረብሹት፣ ፈተና አለበት» ይባላል።

ሌላም አለ። የግቢ ሕይወት የሚሠራው ማታ ነው። የቡድን ሥራ፣ ያለፉት ዓመታት ፈተናዎች ከእጅ ወደ እጅ መዞር፣ የትኛው መምህር ከየትኛው ምዕራፍ እንደሚያወጣ መወራት፣ ይህ ሁሉ ከእራት በኋላ ነው። እኔ ከመሸ ባጃጅ አላገኝም፤ ባገኝም አባቴ ሳልገባ አይተኛም። ጠዋት ክፍል ስገባ ሁሉም የሚያውቀውን እኔ ብቻ አላውቅም።

እትዬ፣ ልጅዎ ባሕር ዳር ትማር፣ እሺ። ግን ዶርም ትግባ።

የሒሳብ ባለሙያው፦
እኅቴ ያልሽው እውነት ነው፤ ገንዘቡን ያነሣ ሰው ግን የለም። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል። ደንቡ ተመራቂው የምግብና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ሥራ ሲይዝ እንዲከፍል ያደርጋል። የቀን የምግብ በጀቱ ለረዥም ጊዜ 15 ብር፣ ከዚያም 22 ብር ነበር፤ ያኔ ዕዳው አያስፈራም ነበር። በ2017 ዓ.ም. 100 ብር ሆኗል። ደንቡ እንደተጻፈው ከተሰላ፣ ዓመቱን አሥር ወር ብናደርገው የምግቡ ብቻ 30,000 ብር ነው፤ በአራት ዓመት 120,000 ብር። በግቢው ካፌ አልበላም ብሎ የምግቡን በጥሬ ገንዘብ የሚወስደውም ያው ተበዳሪ ነው። ብዙ ልጆች ውሉን ሳያነቡ ይፈርማሉ፤ ወላጅ ደግሞ «መንግሥት በነፃ ያስተምራል» ብሎ ያወራል።

ከቤቱ በልቶ ከቤቱ አድሮ የሚማር ልጅ ይህን ዕዳ አይሸከምም። ሩቅ የሄደው ዕዳውም አለበት፣ የትራንስፖርቱም አለበት፣ ወላጁ በየወሩ የሚልከውም አለበት። እኔ በመርሕ ሳይሆን በደብተር ነው የምከራከረው።

ከቤት እየተመላለስኩ የተመረቅሁ፦
ወንድሜ፣ ደብተርህ ላይ የእኔ ሌሊቶች በየትኛው ዓምድ ገቡ?

የደቁ ልጅ፦
ይህን ሁሉ ሳነብብ ቆየሁና አሁን ልናገር። እኔ ከደቅ ደሴት ነኝ። እናንተ «ቅርብ» የምትሉት ባሕር ዳር ለእኔ በጀልባ ሐይቅ ተሻግሬ የምደርስበት ነው፤ ማዕበል ካለ ደግሞ የማልደርስበት። ለእኛ «ሩቅ ወይስ ቅርብ» የሚባል ክርክር የለም፤ ዘጠነኛ ክፍል ሳንደርስ ጀምሮ ከቤት መውጣትን ስናስብበት ነው የምናድገው። አንድ ልጅ ከሽምብጥ ጅማ ሲሄድ አገር የሚያዝንለትን ያህል፣ ከደቅ ወይም ከጣና ማዶ ገጠር ባሕር ዳር ሲገባ የሚያዝንለት አላየሁም። የምግብ ዕዳው 120,000 ብር ሆነ አልሆነ፣ ያ ካፌ ባይኖር እኔ ዩኒቨርሲቲ አልገባም ነበር።

እኅታችን ስለ ቤት ሥራ ያለችው ልክ ነው፤ አልክድም። ሆኖም ቤቱ በባጃጅ የሚደረስለት ልጅ ሁሉ ዶርም ይሰጠኝ ካለና አልጋ ካጠረ፣ ወደ ኪራይ ቤት የሚገፋው ማን እንደሆነ አውቃለሁ።

ከቤት እየተመላለስኩ የተመረቅሁ፦
እንግዲያው ለወንዶቹ የከተማ ልጆች ቤታቸው ይብቃቸው። ለሴቶቹ አልጋ ይሰጥ። የቀልድ አይደለም።

ሪሚዲያል ላይ ያለሁ፦
እኔ 50 በመቶ ሳልደፍን ቀርቼ የማካካሻ ፕሮግራም ላይ ነኝ። እናንተ ስለ ርቀት ትከራከራላችሁ፤ እኛ በጥቂት ወራት ውስጥ የማለፊያውን ነጥብ ካላመጣን ያሸግነውን ሻንጣ መልሰን ይዘን ነው የምንገባው። ምክር ካላችሁ ለእኛም ጣል አድርጉ።

የአንደኛ ዓመት አስተማሪ፦
ለሪሚዲያሉ ልጅ በአጭሩ፦ ከመቶ 70ው የሚመጣው ከማዕከል ከሚዘጋጅ ፈተና ነው፤ 30ው ከዩኒቨርሲቲው። ስለዚህ በግቢ ውስጥ የተሰጠህን የአጭር ፈተና ውጤት አይተህ አትዝናና። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያሉትን የተማሪ መጻሕፍት ዘርግተህ ከስር ጀምር፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ወደ ዋናው ክርክር። እኔ በክፍሌ የሁለቱንም ወገን ልጆች አያለሁ። ከሩቅ የመጣው በመጀመሪያው ወር ይንገላታል፤ ሆድ ይብሰዋል፣ ይታመማል። የከተማው ልጅ በዚያ ወር ደልቶት ይታያል፤ ከወር በኋላ ግን ከክፍል የሚቀረው እሱ ነው፤ የድሮ ጓደኞቹ እዚሁ ናቸው፣ ዓርብ ከሰዓት ጣና ዳር ነው፣ ሰኞ ጠዋት «መምህር፣ ታምሜ ነበር» ነው። ይህ የሚያሳስበኝ የመጀመሪያው ዓመት ውጤት ስለሆነ ነው። ተማሪው በየትኛው የትምህርት ክፍል እንደሚገባ በአብዛኛው የሚወሰነው በዚህ ዓመት ነው፤ ምሕንድስና ወይም ሕክምና ያሰበ ልጅ ሎጂክንና ጂኦግራፊን «የጋራ ኮርስ ነው» ብሎ ከናቀ ያሰበበት አይደርስም። አማካይ ውጤቱ ከ2.00 ከወረደ ደግሞ ከማስጠንቀቂያ እስከ ስንብት የሚያደርስ ነገር ይመጣል።

በሌላ በኩል ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ። ጅማ የተማረውም ባሕር ዳር የተማረውም በአንድ ሙያ አንድ ዓይነት ፈተና ይቀመጣል፤ 50 ያላመጣ ዲግሪውን አይወስድም። ስለዚህ «ትልቅ ስም ያለው ዩኒቨርሲቲ» እያሉ ልጅን ከሚወደው ትምህርት ማራቅ ከበፊቱ ያነሰ ትርጉም ነው ያለው። የሚፈልገው የትምህርት ዘርፍ የት አለ? መጀመሪያ ይህ ይጠየቅ።

በምደባው ፖሊሲ ላይ ግን ከጡረተኛው መምህር እለያለሁ። ማቀላቀሉ ጥሩ ነው፤ ሆኖም የሚያቀላቅል መንግሥት መንገዱንም ሊጠብቅ ይገባል። መንገዱን ሳይጠብቅ ልጁን በዕጣ መላክ ተገቢ አይመስለኝም። ሰላም እስኪሰፍን የቤተሰብ ምርጫ ቀዳሚ ክብደት ይኑረው።

ጡረተኛው መምህር፦
«እስኪሰፍን» የምትለዋ ቃል ናት ያስፈራችኝ፣ ልጄ። በእኛ አገር ጊዜያዊ ተብሎ የተጀመረ ስንቱ ነው ቋሚ ሆኖ የቀረው? ዘንድሮ ለሰላም ሲባል በየቀዬው የመደብናቸው ልጆች ነገ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነው አንዱ የሌላውን አገር በቴሌቪዥን ብቻ ያውቃሉ።

የአንደኛ ዓመት አስተማሪ፦
የኔታ፣ አሁንም በቴሌቪዥን ብቻ ነው የሚያውቁት፤ ግቢው ውስጥ ስድስቱ ከአንድ አካባቢ ተጠራርተው አንድ ክፍል ውስጥ ሲያድሩ አይቻለሁ። አንድ አጥር ውስጥ ስለገቡ ብቻ አይቀላቀሉም።

የሽምብጧ እናት፦
ሁላችሁንም አንብቤ፣ ለልጄም አስነብቤያለሁ። የቡናውን ነገር ስታነብብ ቀና ብላ አየችኝ፤ ምንም አላለችም፤ እኔም ምንም አላልኩ። አንደኛ ባሕር ዳር፣ ሁለተኛ ጎንደር፣ ሦስተኛ ደብረ ታቦር ብለን ሞልተናል። ከዓባይ በረሃ ማዶ አልተሻገርኩም፤ በዚህ አቋሜ ነኝ። ዶርሙን ግን እሺ ብያለሁ። የደቁ ልጄ፣ አንተን አልጋ ከሚያሳጣህ ግን ትመለስ። አሁን የምጠይቀው፦ ጥሪው ሲወጣ ምን ምን አዘጋጅታ ትጠብቅ?

የአንደኛ ዓመት አስተማሪ፦
የ8ኛ ክፍል ሰርተፍኬትና ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለው ትራንስክሪፕት ዋናውና ኮፒው፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ ብርድ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ። ትራንስክሪፕቱን ዛሬውኑ ከትምህርት ቤቷ ታውጣ፤ ጥሪ ከወጣ በኋላ መዝገብ ቤቱ በር ላይ ሰልፍ ነው። የምዝገባው ቀን እንዳያልፋት፤ ዶርም ድልድሉ ሲለጠፍ ደግሞ በአካል ሄዳ ስሟን ትይ። የወጪ መጋራቱን ውል ከመፈረሟ በፊት ከእርስዎ ጋር ተቀምጣ ታንብበው።

የደቁ ልጅ፦
ጓጉንቸርም ትያዝ። ሁለት ቁልፍ ያለው፤ አንዱን እናቷ ጋ ታስቀምጥ።