በዘፈን ግጥም ውስጥ የአዝማች ሥራ ምንድን ነው?

ጠያቂ (ከደብረ ማርቆስ)፦

ጤና ይስጥልኝ። የዘፈን ግጥም መጻፍ ከጀመርሁ ወዲህ ዘወትር የሚያስቸግረኝ አዝማቹ ነው። በእኛ አካባቢ ሠርግ ላይ አቀንቃኙ ስንኙን እየለዋወጠ ሲያወርድ ተቀባዩ የሚመልሰው አንዲት አጭር ሐረግ ብቻ ነው፤ ጭፈራውን አጽንታ የምትይዘው ግን እርሷ ናት። ለስቱዲዮ ስጽፍ አራት መስመር አዝማች እጠየቃለሁ፤ ያን ጊዜ በስንኞቹ ያልሁትን ደግሜ የምናገር ይመስለኛል። አዝማች የዘፈኑን ዋና ሐሳብ መናገር አለበት ወይስ አድማጩን ማሳተፍ ብቻ ይበቃዋል?

መልስ (ከቢቸና)፦

በመጀመሪያ ተቀባዩ ለምን እንዳስፈለገ ማየት ይጠቅማል። በቃሉ የሚገጥም አቀንቃኝ ተቀባዮቹ በሚመልሱበት ጊዜ ትንፋሹን ይሰበስባል፤ ቀጣዩንም ስንኝ ያበጃል። ለቡሄ አውራጁን «ሆ» እያሉ የሚቀበሉት ልጆች፣ ለዕንቁጣጣሽም «ለምለም» እያሉ የሚመልሱት ልጃገረዶች የያዙት መልስ አጭር በመሆኑ፣ ግጥሙን ከዚያ በፊት ሰምቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ወዲያው አብሯቸው ይዘፍናል። በስቱዲዮ ግን ግጥሙ አስቀድሞ ተጽፎ ያለቀ ስለሆነ ዘፋኙ የማሰቢያ ጊዜ አያሻውም። ስለዚህ አዝማቹ ሌላ ሥራ ካልተሰጠው በእርግጥ ትርፍ ይሆናል፤ የእርስዎም ቅሬታ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

መልስ (ከባሕር ዳር)፦

እኔ የምሠራው ቅንብር ስለሆነ ስለ ዜማው ብቻ ልጨምር። እንደ ትዝታና ባቲ ባሉ ቅኝቶች በእጃችን ያሉት ድምፆች አምስት በመሆናቸው፣ አዝማቹን ከስንኙ የምንለየው ዜማውን ከፍ በማድረግ፣ ምቱን በመቀየር ወይም ተቀባይ ድምፆችን በመጨመር ነው። ገጣሚው ሊረዳን የሚችለው የአዝማቹን የመጨረሻ ፊደል በመምረጥ ነው፤ በራብዕ (እንደ «ላ») ወይም በሳብዕ (እንደ «ሎ») ሲያልቅ ዘፋኙ ድምፁን እንደልቡ ያስረዝማል፣ በሳድስ (እንደ «ል») ሲዘጋ ግን የሚያስረዝመው ነገር ያጣል።

መልስ (ከደብረ ኤልያስ)፦

ለጥያቄዎ ቀጥተኛ መልስ ለመስጠት ያህል፣ አዝማች ዋናውን ሐሳብ አሟጦ መናገር የለበትም ባይ ነኝ። ቃሉ ሳይለወጥ ከየስንኙ በኋላ ትርጉሙ ሊለወጥ ይገባል፤ ሰምና ወርቅ ለለመደ የጎጃም አድማጭ ደግሞ ይህ እንግዳ አይሆንበትም። በየወል ቤት፣ ማለትም ስድስት ስድስት ቀለም (የቃል ድምፅ ክፍል) ባለው ስንኝ፣ ለዚሁ ብዬ የገጠምሁትን ይመልከቱ፦

ከጨሞጋ ማዶ ሰው ልኬ ነበረ፣
ክረምቱ ገባና መንገዱ ታጠረ።
አዝ፦ ውሃው ሞልቷል አሉ።

ደብዳቤሽን ይዤ ማንበብ ቢያምረኝም፣
ፊደሉ ለዓይኔ ከቶ አይታየኝም።
አዝ፦ ውሃው ሞልቷል አሉ።

በመጀመሪያው የሞላው የጨሞጋ ወንዝ ነው፤ በሁለተኛው እንባው ነው። ስለ እንባ አንድም ቃል አልተጻፈም፤ አድማጩ ግን አዝማቹን ራሱ በሚዘፍንበት ቅጽበት ይደርስበታል። ማሳተፍ የምንለው ለእኔ ይህ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱን ሥራዎች ነጣጥዬ አላያቸውም። አራት መስመር ቢጠይቁዎት እንኳ ሦስቱ ወደ አንዷ ሐረግ የሚያደርሱ ይሁኑ፤ የምትደጋገመው ሐረግ ግን አጭር ሆና ትቆይ። ሦስተኛ ስንኝ ሲጨምሩ አዝማቹ አዲስ ትርጉም ካልሰጠዎት፣ አዝማቹን ሳይነኩ ስንኙን ይቀይሩ።